ትዕግሥት ያልተለየው ጀግንነት
(የልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል አጭር የሕይወት ታሪክ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የውይይት ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮን ነበር። ጥያቄውም ጀግና የሚባለው ጥይት ሲዘንብ ወደ ፊት የሚሮጥ ነው ወይስ መሮጥ እየቻለ ራሱን የሚገታ የሚል ነበር። ከፊሎቻችን በአምባላጌ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ተኩስ የከፈቱትን ፊታውራሪ ገበየሁን ምሳሌ አድርገን ስናቀርብ፣ ከፊሎቻችን ደግሞ በዚያው ቀን ሰላም እስኪለምኑ ድረስ ጦራቸውን ያቆዩትን የጦሩን አዛዥ ልዑል ራስ መኰንንን ጠራን። ሰዓቱ አልቆ ክርክሩ ስላላለቀ፣ የራስ መኰንንን ታሪክ መርምረን ለሁላችን እንድናቀርብ ታዘዝን። እኛም የድሬዳዋ ልጆች እንደ መሆናችን ታሪኩን የምንጀምረው ከቅርባችን ካለችው ከጀልዴሳ ነው።

የሐረር በር ጀልዴሳ

ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ወርዶ ቆላው በሚጀምርበት ግርጌ ጀልዴሳ የምትባል ስፍራ አለች። ከመካከላችን ብዙዎች ስሟን እንጂ ታሪኳን አናውቅም። ድሬዳዋ ከመቈርቈሯ በፊት ግን የሐረር በር እርሷ ነበረች። ከዘይላ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የኢሳዎችን በረሃ በግመል አቋርጦ የሚያርፈው ጀልዴሳ ነበር። እዚያም ጭነቱ ከግመል ወርዶ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ዳገቱን ወደ ሐረር ይወጣል። ከላይ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። የኢሳና የኦሮሞ ወገኖቻችን መንገድ መሪዎች፣ ባለግመሎችና ባለአህዮች ሆነው የዚያን መንገድ ድካም ተሸክመውታል።

በር ሁሉ ደግሞ ለወዳጅም ለጠላትም ይከፈታልና፣ በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን በያዘ ጊዜ የመጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር 1878 ዓ.ም. በኮንት ፖሮ የሚመራ የጣልያን ጉዞ በጀልዴሳ አቅራቢያ ተገድሎ ቀረ። በየካቲት 1880 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ የባሕሩን ዳርቻ ለመካፈል ሲዋዋሉ የወሰናቸው መስመር በጀልዴሳ በኩል እንዲያልፍ ጻፉ። የአገሩን ሰው የጠየቀ አልነበረም። ራስ መኰንን እንዲጠብቁ የተሾሙት እንግዲህ የባዕድ ዓይን ያረፈበትን እንዲህ ያለውን በር ነው።

ትውልድና እድገት

መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳ፣ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። በዚህም ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወንድምና የእኅት ልጆች ናቸው። በ14 ዓመታቸው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተው ሥርዓትንና ወታደርነትን በዚያ ተማሩ።

በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው የጦር ትምህርት ቤት አልነበረም። መኰንን የሚሆን ልጅ በጌታው እግር ሥር ተቀምጦ መስማትን፣ አደራ መጠበቅንና አንደበቱን መግታትን ይማር ነበር። መኰንን ኋላ የታወቁባቸው ጠባዮች ዝምታ፣ ትዕግሥትና ሰውን በወጉ መቀበል ነበሩ። ስለዚህ የጀግንነታቸው መሠረት የተጣለው ጠመንጃ ከመያዛቸው በፊት ነው ለማለት እንደፍራለን።

ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በልደት በዓል ዕለት፣ በጨለንቆ በንጉሥ ምኒልክና በአሚር አብዱላሂ ጦር መካከል ውጊያ ተደረገ። ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ ሐረርም ተያዘች። በዚያ ሜዳ የወደቁት የሐረርና የኦሮሞ ልጆች ዛሬም በልጅ ልጆቻቸው ዘንድ በሐዘን ይታሰባሉ። የጌታችንን ልደት በምናከብርበት ቀን የፈሰሰ የአንድ አገር ሰው ደም ነውና፣ ይህን ሐዘን ሸፍነን ድሉን ብቻ ማውራት ለክርስቲያን ወጣት አይገባም እንላለን። ምኒልክም አገሩን እንዲያስተዳድሩ የአክስታቸውን የተናኘወርቅን ልጅ መኰንንን ደጃዝማች ብለው በሐረር ሾሙ። ዕድሜያቸው ገና 34 ዓመት ነበር።

ጠላትን በአገሩ ማየት

በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ ደጃዝማች መኰንን የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጣልያን አገር ተላኩ። ከሐረር ወደ ዘይላ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ተሳፍረው በነሐሴ ወር ናፖሊ ገቡ። በጣልያን ወራት ቈይተው ከተሞቹን፣ ጦሩንና የመሣሪያ ፋብሪካውን ተመለከቱ። ከተመለሱም በኋላ ራስ ተባሉ።

ይህን ጉዞ በቀላሉ እንዳናልፈው። ጣልያን በውሉ በ17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ይዣለሁ ባለች ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ መሳፍንት መካከል የጣልያንን ኃይል በዓይናቸው ያዩት ራስ መኰንን ነበሩ። መድፉ ከየት እንደሚወጣ፣ መርከቡ ስንት ሰው እንደሚጭን ያውቃሉ። የጠላቱን ኃይል የማያውቅ ሰው ቢደፍር ድፍረቱ ካለማወቅ ሊሆን ይችላል። ራስ መኰንን ግን አውቀው ነው የዘመቱት። ሰላምን አብዝተው የፈለጉትም ጦርነቱ ምን ያህል ደም እንደሚጠይቅ አስቀድመው ስለ ተረዱ ይመስለናል።

ክተት

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ተነገረ። በዚያ ጊዜ የራስ መኰንን ቤት የሐዘን ቤት ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት በ1886 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ልጃቸው ተፈሪ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። እናት የሌለው ሕፃን ትቶ የሚዘምት አባት ልቡ ምን ይል እንደነበር እያንዳንዳችን እናስብ። ጀግና ማለት የሚሳሳለት የሌለው ሰው አይደለም።

በአገሩ ትውፊት ራስ መኰንን ወደ ዘመቻው ሲሄዱ ቁልቢ ላይ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ። በሰላም ቢመለሱ በስሙ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጹ ማለት ነው። ስእለታቸውን በልባቸው ይዘው የሐረርን ጦር እየመሩ ወደ ትግራይ ገሠገሡ። ጦሩ ከታጠቀው ጠመንጃም ብዙው በጀልዴሳ መንገድ ከባሕር የወጣ ነበር።

አምባላጌ

የኢትዮጵያ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል በራስ መኰንን አዛዥነት ወደ አምባላጌ ደረሰ። በተራራው ላይ ሻለቃ ቶዜሊ ከ2,000 በላይ ወታደር ይዞ መሽጓል። የኢትዮጵያ ጦር በቍጥር ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ራስ መኰንን ግን በዚህ ብልጫ ተመክተው አልቸኰሉም፤ ለጣልያን አዛዦች ደብዳቤ እየላኩ ስፍራውን በሰላም እንዲለቁ ጠየቁ። በሰፈሩ ውስጥ ይህን እንደ ፍርሃት የቈጠሩ፣ የተናደዱም ነበሩ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለዳ ፊታውራሪ ገበየሁ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያውን ከፈቱ። ተኩሱ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ራስ መኰንን ወገናቸው ብቻውን እንዲመታ አልተዉም። ያላቸውን ጦር አስገቡ፤ የሌሎቹም መሳፍንት ጦር በየአቅጣጫው ወደ ተራራው ወጣ። መድፍና ጠመንጃ ከላይ እየወረደባቸው በገደሉ እየተንጠላጠሉ ወጥተው ምሽጉን ያዙ። ቶዜሊም በዚያው ሞተ፤ ከጦሩ ያመለጠው ጥቂቱ ነው።

አሁን የክርክራችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ፊታውራሪ ገበየሁን ትእዛዝ በማፍረሳቸው እንዳሰሯቸውና በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተፈቱ ይነገራል። የሞተውን የቶዜሊን ሬሳ ግን በክብር እንዲቀበር አደረጉ። ለአንዳንዶቻችን ይህ የተገለበጠ ፍርድ መስሎ ነበር። ወዳጅ ታስሮ ጠላት ይከበራልን? ነገር ግን እናስተውል። ጀግናው ገበየሁ ያለ ትእዛዝ ሲተኵሱ ድሉ ተገኘ፤ ነገ ሌላው እንደዚሁ ቢያደርግ ሠራዊት በሙሉ ወጥመድ ሊገባ ይችላል። አዛዥ የአንድ ቀን ድልን ብቻ ሳይሆን የሠራዊቱን ነፍስ ሁሉ ይመዝናል። ሬሳን ማክበር ደግሞ ሙት ወቃሽ ላለመሆን ነው፤ ከሞተ ሰው ጋር ጠብ የለምና።

መቀሌ

ከአምባላጌ በኋላ ጦሩ መቀሌ ደረሰ። በዚያ ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,200 በላይ ሰው ይዞ በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስፍራ ጠንካራ ምሽግ ሠርቶ ነበር። በዙሪያው የሾለ እንጨትና የተሰባበረ ጠርሙስ ነስንሶበታል። ዐፄ ምኒልክም ከዋናው ጦር ጋር ከደረሱ በኋላ ኢትዮጵያውያን ደጋግመው በምሽጉ ላይ ተወረወሩ። በእሳቱ ፊት ብዙ ሰው ወደቀ። ባዶ እግሩን በጠርሙስ ላይ የሮጠውን፣ ስሙ በመጽሐፍ ያልተጻፈውን ወታደር ሳናስታውስ የአለቆቹን ጀግንነት ብቻ ብናወራ ግፍ ይሆንብናል።

ከዚያም በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ የሚቀዳበት የውኃ ምንጭ ተያዘ። ምንጩን የያዙትም በተኩስ ሥር ቀንና ሌሊት ሳይለቁ ጠበቁት። በምሽጉ ውስጥ ያለው ሁሉ በውኃ ጥም ተቃጠለ። ጥቂት ቀን ቢጨመር ሁሉም እዚያው ያልቁ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፌልተር የተባለ፣ በሐረር ኖሮ ራስ መኰንንን የሚያውቅ ጣልያናዊ ለሽምግልና ገባ። በራስ መኰንንም አማካይነት ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተገኘ። በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖና ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደ ያዙ ከምሽጉ ወጡ፤ ውኃም ጠጡ። ወደ ወገኖቻቸው የሸኟቸውም ራስ መኰንን ከነጦራቸው ነበሩ። ትናንት ወንድሞቹ የወደቁበት ወታደር ዛሬ ገዳዮቹን አጅቦ ሲሄድ በልቡ ምን ዓይነት ትግል እንደነበረበት እግዚአብሔር ያውቃል። በመንገድ ላይ ግን አልነኳቸውም።

ይህን ስናነብ በመጽሐፈ ነገሥት የምናውቀው የነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ትዝ አለን። የሶርያ ጭፍሮች በሰማርያ መካከል በእጁ በወደቁ ጊዜ፣ ንጉሡ ሊመታቸው ቢቸኩል ነቢዩ ከልክሎ አብልቶና አጠጥቶ ሰደዳቸው።

እርግጥ ነው፤ የመቀሌው ሽኝት የርኅራኄ ሥራ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ ጦር የተሸኙትን አስከትሎ ሲጓዝ ጠላት ሊተኵስበት ስላልቻለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው አጋጣሚ ሠራዊታቸውን ወደ ዓድዋ አዞሩ። ብልሃትና ምሕረት አብረው ሄዱ።

ከእኛ መካከል አንዱ ወንድማችን ከባድ ጥያቄ ጠየቀ። በመቀሌ የዳነው ጋሊያኖ ከአንድ ወር በኋላ በዓድዋ ተመልሶ ወግቶናል፤ እዚያው ሞተ እንጂ፤ ታዲያ ምሕረቱ ምን ጠቀመ ሲል ነበር። እኛም ብዙ ካሰብን በኋላ የደረስንበት መልስ ይህ ነው። ምሕረት ብድር አይደለም፤ እመለሳለሁ ብሎ ቢመለስም ባይመለስም የሰጪው ክብር ከሰጪው ጋር ይኖራል። ጋሊያኖ መመለሱ የራሱ ጕዳይ ነው። ራስ መኰንን የገቡትን ቃል መጠበቃቸው ደግሞ የእርሳቸውና የአገራቸው ክብር ነው።

ዓድዋ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዕለተ እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና መሳፍንቱ ገና በቅዳሴ ላይ ሳሉ ጠላት መምጣቱ ተሰማ። የጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ተጕዞ ደርሶ ነበር።

ዛሬ ግን ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ አልነበረም። የታገሡት ራስ መኰንን በዚህ ቀን ከማንም ወደ ኋላ አልቀሩም። የሐረር ጦር ከሌሎች ወንድሞቹ ጋር በእሳት ውስጥ ገባ። ከቀኑ ውጊያ መካከል እጅግ ከበረቱት አንዱ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ላይ የተደረገው ሲሆን፣ በዚያ ከተረባረቡት መሳፍንት አንዱ ራስ መኰንን ነበሩ። ዳቦርሚዳም በዚያው ወደቀ። ሲመሽ የጣልያን ጦር ፈርሶ ነበር። ከኢትዮጵያውያንም ብዙ ሺህ ሰው ሞተ። የአምባላጌው ፊታውራሪ ገበየሁም በዚህ ቀን ከተሠዉት መካከል ናቸው። የታሰረውም ያሰረውም በአንድ ሜዳ ላይ ለአንዲት አገር ተሰልፈው ነበር። ክርክራችን ሁለቱን ሊለያያቸው ቢሞክርም ዓድዋ አንድ አድርጋቸዋለች።

ከጦርነቱ በኋላ

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የሰላም ውል ተፈረመ። የተማረኩት ጣልያኖችም ወደ አገራቸው የተመለሱት በሐረር በኩል ወደ ባሕር እየወረዱ ነው። ጀልዴሳም የዚያ መንገድ ማረፊያ ነበረች። ጠመንጃ የወጣባት በር የተሸነፈ ሰው በሕይወቱ ወደ እናቱ የሚመለስባት በር ሆነች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባልጠየቁት አገር ላይ መስመር ያሰመሩ መንግሥታትም መልእክተኞቻቸውን ላኩ። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ ከዘይላ ተነሥቶ በጀልዴሳ አልፎ ሐረር ገባ። የወሰኑንም ነገር ከራስ መኰንን ጋር ተቀምጦ ተነጋገረ። ሳይጠይቁ ያሰመሩትን ጠይቀው እንዲነጋገሩበት ያደረገው የዓድዋ ድል ነው።

ራስ መኰንን ስእለታቸውን አልረሱም፤ በቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ከየአገሩ የሚጐርፈው ምእመን የሚሳለምበት ደብር መነሻው ይኸው ነው። ዛሬ የምናየው ሕንፃ በኋላ በልጃቸው ዘመን የታነጸ ነው። በሐረርም ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንም የሚጠለሉበት ስፍራ በፈረንሳውያን መነኮሳት እንዲከፈት ረዱ። በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በዓል ወደ ሎንዶን ተልከው ነበር።

በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ከፍታ ላይ በመሆኗ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ፤ ከተማችንም ተቈረቈረች። ጀልዴሳ ግን ከዚያ ወዲህ ነጋዴ እየራቃት፣ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ራስ መኰንንም ብዙ አልቈዩም። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ወደ ቁልቢ ተመለሱ። መጋቢት 13 ቀንም ስእለታቸውን በፈጸሙበት ስፍራ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 53 ዓመት ነበር። ሥጋቸውም በሐረር በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ይህን ታሪክ ያነሣነው ለመመካት አይደለም። አምባላጌ፣ መቀሌና ዓድዋ የሚባሉት ስሞች ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እንደገና በሐዘን ተሰምተዋል። በዚህ ጊዜ ግን ከሁለቱም ወገን የወደቀው የአንድ እናት ልጅ ነበር። ከመካከላችን ወንድሙን ያጣ፣ ዘመዱ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ የቈየ አለ። ስለዚህ ጀግና ማነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ከራስ መኰንን ሕይወት የተማርነው ይህን ነው። ጥይት በሚዘንብበት ስፍራ መቆም ጀግንነት ነው፤ ይህን ገበየሁም መኰንንም አድርገውታል። ነገር ግን ከዚያ የሚከብድ ሌላ ጀግንነት አለ። እርሱም ጠላት በእጅ ሲወድቅ፣ ወገን ግፋ ሲል፣ ቍጣ ሲፈላ እጅን መሰብሰብ ነው። ያለ ድፍረት የሚታገሥ ፈሪ ሊባል ይችላል፤ ያለ ትዕግሥት የሚደፍርም ጥፋትን ያመጣል። ሁለቱን በአንድ ልብ የያዘ ሰው ግን በጦር ሜዳም በቤቱም፣ በትምህርት ቤትም በሥራ ቦታም አይወድቅም።

በሚመጣው ጊዜ ወደ ቁልቢ ስትሄዱ ከደብሩ ደጅ ላይ ቆማችሁ ይህን አስቡ። ወደ ጀልዴሳም የምትወርዱ ካላችሁ ያቺ ጸጥ ያለች መንደር የማን በር እንደ ነበረች፣ በእርሷም ምን እንደ ገባና ማን በሰላም እንደ ወጣ ለታናናሾቻችሁ ንገሩ። ለአገራችን ሰላምን፣ ለእኛም ማስተዋልን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።